ሪፒተሩን ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ፣ እሱ ግን አይሰማኝም፤ ባለ 10 ዋት ሬዲዮ ልግዛ?

ጥያቄ፦ የአማተር ሬዲዮ ፈተና አልፌ ፈቃዴንና የጥሪ ምልክቴን ያገኘሁት በቅርቡ ነው። ባለ ሁለት ባንድ የእጅ ሬዲዮ አለኝ፤ ትልቁ ጉልበቱ 5 ዋት ነው። የአካባቢያችን ሪፒተር (የሰማውን መልሶ የሚያሰራጨው ጣቢያ) 145.700 ሜጋኸርዝ ላይ ጥርት ብሎ ይገባልኛል። ሰዎች ሲያወሩበት ቤቴ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። እኔ ስጠራ ግን ዝም ነው። ቁልፉን ስጫን ቀዩ መብራት ይበራል፤ መልስ የሚባል ነገር ግን የለም። 10 ዋት የሚል ሬዲዮ አይቻለሁ። እሱን ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ አትግዛ። ቢያንስ ለጊዜው ገንዘብህን ያዝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ስለ ዋት የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮው የሚልከው ሪፒተሩ በማያዳምጥበት ፍሪኩዌንሲ ሆኖ ይገኛል። ካልሆነም ሪፒተሩ የሚጠብቀው ቶን፣ ማለትም ከድምፅህ ሥር የሚላክ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ አብሮ አልሄደም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ቀጥሎ የሚጠረጠሩት አንቴናውና አንተ የቆምክበት ቦታ ናቸው።

እስቲ መጀመሪያ የ10 ዋቱን ነገር እንጨርሰው። የሲግናል ጉልበት ልዩነት በሚለካበት በዴሲቤል፣ ከ5 ወደ 10 ዋት መውጣት የ3 ዴሲቤል ጭማሪ ነው። በሲግናል መለኪያ ላይ አንድ ኤስ የሚባለው እርከን ደግሞ 6 ዴሲቤል ነው። እጥፍ ጉልበት ገዝተህ የምታተርፈው የአንድ እርከን ግማሽ ነው ማለት ነው። ሪፒተሩ ጨርሶ ካልሰማህ ይህቺ ግማሽ እርከን ታሪክ አትቀይርም። ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሬዲዮው እጅህ ላይ ይግላል፣ ከዓይንህ አጠገብ ካለው አንቴና የሚወጣው ጨረርም ይጨምራል።

5 ዋት ትንሽ ነው ብለህ ካሰብክ ቀና በል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ400 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ይዞራል። እዚያ ላይ የአማተር ሪፒተር አለ። ሲበራ በ145.990 ያዳምጣል፣ በ437.800 ይመልሳል፣ ለመከፈትም የ67.0 ኸርዝ ቶን ይፈልጋል። በ5 ዋት የእጅ ሬዲዮ በእሱ በኩል ያወሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ከሬዲዮው ጋር የመጣውን አጭር ጎማ አንቴና አውልቀው የተሻለ ይዘው ነው ያወሩት፤ ዋታቸው ግን ያው የአንተው ነው። የረዳቸው በመካከል ተራራም ግድግዳም አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ አንተ ሬዲዮ። ቀዩ መብራት የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እየላክሁ ነው" ይልሃል። የት እንደሚልክ አይነግርህም። ማን እንደሰማውማ ጭራሽ አያውቅም።

ሪፒተር በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ መሣሪያ ነው። በአንዱ ያዳምጣል፣ የሰማውን እዚያው በዚያው በሌላው ያሰራጫል። አንተ ጥርት ብሎ የሚገባልህ ማሰራጫው ነው፤ 145.700። ማዳመጫው ከዚያ በ600 ኪሎኸርዝ ዝቅ ብሎ 145.100 ላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ሬዲዮህ ይህን ካላወቀ ቁልፉን ስትጫን በራሱ በ145.700 ይልካል። እዚያ ላይ ደግሞ ሪፒተሩ ራሱ ተናጋሪ እንጂ አድማጭ አይደለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፍሪኩዌንሲው ሥራ ላይ አለመሆኑን አዳምጥ። ቁልፉን ተጫን፣ የጥሪ ምልክትህን ተናገር፣ ዓይንህን ግን ስክሪኑ ላይ አድርግ። ቁጥሩ ከ145.700 ወደ 145.100 መዝለል አለበት። ቁልፉን ስትለቅ ይመለሳል። ካልዘለለ ችግርህን አገኘኸው።

በሜኑው ውስጥ የምታስተካክላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሺፍት ነው፤ አቅጣጫው መደመር ወይም መቀነስ ነው። ላንተ መቀነስ ነው፣ ሲበራም ስክሪኑ ላይ ትንሽ የመቀነስ ምልክት ይታያል። ሌላው ኦፍሴት ነው፤ መጠኑ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስክሪኑ የሚጠብቀው በሜጋኸርዝ ስለሆነ 600 ኪሎኸርዝ የሚጻፈው 00.600 ተብሎ ነው። 06.000 ካልክ 6 ሜጋኸርዝ ወርደህ ከባንዱ ውጭ ትገባለህ። ፈቃድህ የማይሸፍነው ቦታ ላይ መላክ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ እዚያ የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። በ70 ሴንቲሜትር ባንድ፣ ማለትም 430 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው ሁለተኛው ባንድህ፣ ኦፍሴቱ ከአገር አገር ይለያያል። 5 ሜጋኸርዝ የሚሉ አሉ፣ 7.6 የሚሉ አሉ፣ 1.6 የሚሉም አሉ። ስለዚህ በግምት አትሙላ፤ የሪፒተሩን ዝርዝር ከሚያስተዳድሩት ሰዎች ጠይቅ።

ቁጥሩ በትክክል ከዘለለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ቶኑ ነው። ብዙ ሪፒተሮች በሚያዳምጡበት ፍሪኩዌንሲ የመጣውን ሁሉ አይቀበሉም። ከድምፅህ ሥር ዝቅ ያለ የማያቋርጥ ቶን አብሮ እንዲመጣ ይፈልጋሉ። የሬዲዮ ሰዎች ሲቲሲኤስኤስ ይሉታል። በተለመደው ዝርዝር ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ይደርሳል፤ ተቀባይ ሬዲዮዎች ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ስለሚያጣሩ ጆሮህ አይሰማውም። ሪፒተሩ 88.5 ፈልጎ አንተ 100.0 ብትልክ ሲግናልህ የቱንም ያህል ጠንካራ ይሁን አይከፈትልህም። 10 ዋት ይቅርና 50 ዋት ብትልክም ያው ነው።

ሜኑው ውስጥ ቶን የሚባል ነገር ሁለት ቦታ ታገኛለህ፤ አንዱ በቲ ይጀምራል፣ ሌላው በአር። የቲው የምትልከው ነው። የአሩ ደግሞ ካልመጣ ሬዲዮህ ዝም እንዲል የሚያደርገው ነው። አንተ የምትፈልገው የቲውን ነው። ብዙ ጀማሪ ሁለቱንም ይሞላል። ሪፒተሩ ቶን መልሶ የማይልክ ከሆነ ታዲያ የአሩ ሬዲዮውን ድርግም ያደርገዋል፤ ሰውየውም "ሬዲዮዬ ተበላሸ" ብሎ ይመጣል። የአሩን ለጊዜው አጥፋው። በዲጂታል ኮድ የሚሠራ ዲሲኤስ የሚባል ሌላ ዓይነትም አለ። ሪፒተሩ እሱን ካልጠየቀ አትንካው።

እዚሁ ሜኑ ውስጥ ሳለህ ዋይድ (ሰፊ) እና ናሮው (ጠባብ) የሚለውንም ተመልከት። ሪፒተሩ በሰፊው እየሠራ አንተ ጠባቡ ላይ ከሆንክ ትከፍተዋለህ፣ ድምፅህ ግን የታፈነና ሩቅ ይሆናል። ሰዎች "ሰውዬው ምን አለ?" ተባብለው ያልፉሃል። በተገላቢጦሽ ሪፒተሩ ጠባብ ሆኖ አንተ ሰፊው ላይ ከሆንክ ድምፅህን ከፍ ባደረግክ ቁጥር ይቆራረጣል።

አሁን ደግሞ ባለ ሁለት ባንድ ሬዲዮ ላይ ወደሚገኘው ጣጣ እንምጣ። ስክሪንህ ሁለት መስመር አለው አይደል? ላይኛው ላይ 145.700 ይኖራል፣ ታችኛው ላይ ከ70 ሴንቲሜትር ባንድ የሆነ ቁጥር፣ 433.500 እንበል። ዱዋል ዋች የሚባለው ነገር ሲበራ ሬዲዮው ሁለቱን እየተመላለሰ ያዳምጣል። ርካሾቹ ውስጥ ተቀባዩ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ጆሮ ያለው ቢመስልም አንዱን እያዞረ ነው። ታችኛው መስመር ላይ አንድ ነገር ከሰማ ትንሿ ቀስት ወደዚያ ትወርዳለች። በዚያች ቅጽበት ቁልፉን ከተጫንክ በብዙዎቹ ሬዲዮዎች የምትልከው በ433.500 ነው። አንተ ሪፒተሩን የጠራህ ይመስልሃል፤ ቀዩም መብራት ይበራል። ስለዚህ እስክትለምደው ድረስ ዱዋል ዋችን አጥፋ። በብዙ ሬዲዮዎች ሜኑ ውስጥ ቲዲአር ተብሎ የሚገኘው እሱ ነው። እኔ በበኩሌ ከለመዱት በኋላም ማጥፋቱን እመርጣለሁ።

የምታስተካክለውን ሁሉ ፍሪኩዌንሲ በእጅ በሚሞላበት ሁኔታ፣ ማለትም በቪኤፍኦ ላይ ሆነህ አስተካክል። ሠርቶልህ ስታይ ወደ ቻናል አስቀምጠው። በርካሽ ሬዲዮዎች ላይ ቻናል ውስጥ ሆነህ የቀየርከው ነገር ሬዲዮው ጠፍቶ ሲበራ እልም ብሎ ሊጠፋ ይችላል። የኮምፒውተር ገመድ ካለህ ቺርፕ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፍሪኩዌንሲውን፣ ሺፍቱን፣ ኦፍሴቱንና ቶኑን በአንድ መስመር ጎን ለጎን ስለሚያሳይህ ስህተቱ ቶሎ ዓይንህ ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ሁሉም ተስተካክሏል ብለን እንሞክር። ሬዲዮውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ቁልፉን ተጫን። አትቸኩል፤ አንድ ሰከንድ ጠብቅ። ቶኑን ለመለየትና ማሰራጫውን ለማስነሳት ሪፒተሩ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ወዲያው ከጀመርክ የጥሪ ምልክትህ ግማሹ ይቆረጣል። ከዚያ የጥሪ ምልክትህን ተናገር፣ "ሙከራ" በል፣ ቁልፉን ልቀቅና ጆሮህን ስጥ።

የምትፈልገው ጅራቱን ነው። አብዛኞቹ ሪፒተሮች ተናጋሪው ሲለቅ ወዲያው አይዘጉም። ለጥቂት ሰከንድ ማሰራጫው እንደበራ ይቆያል፣ አንዳንዱ "ቢፕ" ይላል፣ ከዚያ "ክሽ" ብሎ ይዘጋል። አንተ በለቀቅክ ቁጥር ያቺን ጅራት ከሰማህ ሪፒተሩ ሰምቶሃል፤ የቀረህ የሚመልስልህ ሰው ማግኘት ነው። ድርቅ ያለ ዝምታ ከሆነ ግን አልከፈትከውም፤ ወደ ኦፍሴቱና ወደ ቶኑ ተመለስ። ጅራቷን ለመስማት ብቻ ዝም ብለህ ቁልፍ መጫን ግን ነውር ነው። አድማጩን ያሰለቻል፣ ያለ ጥሪ ምልክት መላክም ደንብ መጣስ ነው። ሁልጊዜ ማንነትህን ተናገር።

ራስህን ለመስማት ሁለተኛ ሬዲዮ ከከፈትክ እዚያው አጠገብህ አታስቀምጠው። በ145.100 የምትልከው ጉልበት ጎረቤቱ ባለው 145.700 የሚያዳምጠውን ሬዲዮ ያደነቁረዋል። ሪፒተሩ እየመለሰልህም ምንም አትሰማም፣ አልሠራም ብለህ ሜኑውን እንደገና ትበጠብጣለህ። ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ይያዝልህ፣ አንተም ለሙከራው ወደ 1 ዋት ዝቅ በል።

ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ሆነው አሁንም ዝም ከሆነስ? እዚህ ጋ ነው "እኔ እየሰማሁት እሱ እንዴት አይሰማኝም?" የሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈልገው። ሪፒተሩ ከፍ ካለ ቦታ በ50 ዋት ያሰራጫል እንበል። አንተ 5 ዋት ነህ። በዚያው መንገድ ሲመላለሱ የእሱ ሲግናል ካንተ በ10 ዴሲቤል ይበልጣል። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚልኩበት ኤፍኤም ደግሞ ቀስ በቀስ አይደክምም፤ ከሆነ ደረጃ በታች ሲወርድ ድብን ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ እሱ ላንተ ጥርት ብሎ ሲገባ፣ አንተ እዚያ ከደረጃው በታች ልትሆን ትችላለህ። ይህን ጉድለት መሙላት ያለብህ በቦታና በአንቴና ነው።

ቦታውን እንይ። እነዚህ ሞገዶች በአመዛኙ በዓይን እይታ መስመር ነው የሚሄዱት። የሬዲዮ አድማስ በኪሎሜትር ስንት እንደሆነ ለማወቅ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስደህ ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ታባዛለህ። ሬዲዮውን በ1.5 ሜትር ከፍታ የያዘ ሰው አድማሱ 5 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ያለ ሪፒተር 10 ኪሎሜትር ካገኙ ጥሩ ነው። ሪፒተሩ ካካባቢው 100 ሜትር ከፍ ካለ የእሱ ብቻ 41 ኪሎሜትር ይሆናል፤ ካንተ ጋር 46። ይህ እንግዲህ በመካከል ኮረብታና ፎቅ ከሌለ ነው። አንተ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለህ ነው የምትጠራው። ውጣ። ካልቻልክ ወደ መስኮት ተጠጋ፣ ሪፒተሩ ባለበት በኩል። ካልሆነ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ሂድ። ከግድግዳ የሚንጸባረቀው ሞገድ ከቀጥታው ጋር እየተጣፋ ባዶ ኪሶች ይፈጥራል። በ2 ሜትር ባንድ፣ ማለትም ሪፒተርህ ባለበት በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ባዶዎቹ በ1 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፣ በ70 ሴንቲሜትር ደግሞ በ35 ሴንቲሜትር። ሞተ ያልከው ሲግናል አንድ ክንድ ሳይርቅ ተነስቶ ታገኘዋለህ።

ሬዲዮው ቀበቶህ ላይ ተሰክቶ በውጭ ማይክ ማውራት ያምራል፣ ግን ሰውነትህ ጉልበቱን ይውጠዋል። ፊትህ ፊት ለፊት ያዘው፣ አንቴናው ወደ ሰማይ። ወደ ጎን ካጋደምከው ሪፒተሩ ቀጥ ባለ አንቴና ስለሚያዳምጥ ብዙ ታጣለህ። ማይኩ ያለው በትልቁ የድምፅ ማጉያ ወንፊት ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ላይ ነው። ለእሷ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ርቀህ በተለመደ ድምፅህ ተናገር። መጮህ የድምፅህን ጥራት ያበላሻል እንጂ ሩቅ አያደርስህም።

አንቴናውን በተመለከተ፣ በ145 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 2 ሜትር ገደማ ነው። ሩብ ሞገድ አንቴና 50 ሴንቲሜትር ያህል መሆን አለበት። ከሬዲዮው ጋር የመጣው ጎማ አንቴና ግን አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ውስጡ ሽቦው ተጠምዝዞ ርዝመቱ በግድ ተሞልቷል፤ የሚከፈለውም በሚጠፋው ጉልበት ነው። በ435 ላይ ሩብ ሞገድ 17 ሴንቲሜትር ስለሆነ ያው አንቴና በ70 ሴንቲሜትር ባንድ የተሻለ ይሠራል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው "ዩኤችኤፉ (70 ሴንቲሜትሩ) ይሠራልኛል፣ ቪኤችኤፉ (2 ሜትሩ) ግን አይሠራልኝም" የሚለው።

ገንዘብ ማውጣት ካማረህ ረዘም ያለ አንቴና ግዛ። ከመግዛትህ በፊት የሬዲዮህን አንቴና ንቀልና መሃሉን እይ። መርፌ አለው ወይስ ቀዳዳ? አንቴናው ተቃራኒው መሆን አለበት፤ ሁለቱም ዓይነት ሬዲዮ አለ። አንቴናውን ነቅለህ ሳለ ደግሞ ቁልፉን በስህተትም እንዳትነካ፤ የመላኪያው ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል።

ምንም ሳትገዛ የምትሠራውም አለ። አንቴና ሁልጊዜ ሌላ ግማሽ ይፈልጋል። በእጅ ሬዲዮ ላይ ያ ግማሽ የሬዲዮው አካልና የአንተ እጅ ነው፣ ለ2 ሜትር ደግሞ ሁለቱም አይበቁም። 49 ሴንቲሜትር ገደማ ለስላሳ ሽቦ ቁረጥ። አንዱን ጫፍ ልጠህ ክብ አድርገው ወይም የቀለበት ተርሚናል ግጠምለት። አንቴናውን አውልቅ፣ ቀለበቱን በማያያዣው የውጭ ብረት ዙሪያ አስገባ፣ አንቴናውን መልሰህ አጥብቅ። ቀለበቱ የመሃሉን መርፌ መንካት የለበትም፤ አንቴናውም እስከ መጨረሻው መጥበቅ አለበት፣ ካልጠበቀ ቀጭን ተርሚናል ፈልግ። ሽቦው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይቀራል። መልኩ ያስቃል፣ ግን በ2 ሜትር ባንድ ከ10 ዋቱ ሬዲዮ የበለጠ ሊያተርፍልህ ይችላል።

አንድ የረሳሁት፣ ጅራቱን እየሰማህ ሰው ካልመለሰልህ ምናልባት ማንም እያዳመጠ አይሆንም፤ ይህም አለ። አንተ የሰማሃቸው ሰዎች በሚያወሩበት ሰዓት ግባ። በንግግራቸው መካከል ክፍተት ሲፈጠር የጥሪ ምልክትህን በፊደል አጠራር፣ በአልፋ ብራቮ ቻርሊው ማለቴ ነው፣ ቀስ ብለህ ተናገር። አዲስ መሆንህን ንገራቸው፤ አዲስ ሰው ሲሰሙ ሲግናልህ እንዴት እንደሚደርስ እነሱው ይነግሩሃል። ከመካከላቸው አንዱ ቅርብህ ከሆነ ሬዲዮህ ላይ ሪቨርስ የሚለውን ተጫን። የሪፒተሩን ማዳመጫ 145.100ን ስለሚያሰማህ ሰውየው በቀጥታ ይገባልህ እንደሆነ ታውቃለህ። ከገባልህ ሪፒተሩን ለሌላው ትታችሁ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቀጥታ ማውራት ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ ሞክረህ አሁንም ዝም ካለህ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፤ ቁልፉን ስትጫን ስክሪኑ የሚያሳየውን ቁጥር፣ በቲው በኩል የሞላኸውን ቶን፣ እና ሪፒተሩ ካንተ ምን ያህል እንደሚርቅና በመካከል ምን እንዳለ። የሬዲዮው ስም አያስፈልገኝም።